የሉ ወንዝ መነሻ

ሉ የተባለው ወንዝ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በዡራ ተራራማ አገር፣ በኡዋን መንደር አቅራቢያ ካለ ገደል ሥር ይወጣል። አወጣጡ እንደ ተራ ምንጭ ጠብ ጠብ በማለት አይደለም፤ ከዋሻው አፍ ሲፈልቅ ገና ከጅምሩ ወፍጮ የሚያዞር ወንዝ ነው። የኦርናን ከተማ ተወላጅ የሆነው ሠዓሊ ጉስታቭ ኩርቤ በ1864 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ይህን ዋሻ ደጋግሞ ሥሎታል።

ይህን ያህል ውሃ ከየት እንደሚመጣ ግን በርግጥ የታወቀ አልነበረም። በአምባው ላይ የሚወርደው ዝናብ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ሠርጎ እንደሚመጣ ይታሰብ ነበር፤ ይህም ከፊል እውነት ነው። ቀሪውን የገለጠው የእሳት ቃጠሎ ሆነ።

ነሐሴ 11 ቀን 1901 በፖንታርሊዬ ከተማ የሚገኘው የፔርኖ አብሳንት ፋብሪካ በመብረቅ ተመታ። አብሳንት ከአሪቲ ወገን ከሆነ ዕፅና ከእንስላል መሰል ቅመም የሚጠመቅ ብርቱ መጠጥ ነው። ጋኖቹ እንዳይፈነዱ ሲባል መጠጡ ዱ ወደተባለው ወንዝ እንዲፈስ ተደረገ። ከሁለት ቀን በኋላ አንድሬ ቤርትሎ፣ የታዋቂው ኬሚስት የማርሰላን ቤርትሎ ልጅ፣ በሉ መነሻ አጠገብ የአብሳንት ሽታ ሸተተው። ሁለቱ ሥፍራዎች 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በመካከላቸውም በዓይን የሚታይ ጅረት የለም።

ሽታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በ1910 የዋሻ ተመራማሪው ኤዱዋር-አልፍሬድ ማርቴል ቀለም በዱ ውስጥ አስጨምሮ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ የሉ ውሃ ሲቀላ... ይልቁንም ሲያረነጉድ ታየ፤ ግንኙነቱም ተረጋገጠ። ዱ ወደ ስዊዘርላንድ ወሰን ዞሮ ረጅም መንገድ ሲጓዝ፣ ከፊል ውሃው በመሬት ውስጥ አቋርጦ ሉ ይሆናል፤ ሁለቱም ከዶል ከተማ በታች በፓርሴ አጠገብ እንደገና ይገናኛሉ።

ጉዳዩ የሳይንስ ብቻ አልነበረም። በሁለቱም ወንዞች ዳር ባለወፍጮዎች ነበሩና፣ የዱ ስንጥቅ ቢደፈን የሉ ውሃ ይጎድላል፤ ባይደፈን በድርቅ ጊዜ ዱ ይራቆታል። በ2018 የዱ ወንዝ በቪሌር-ለ-ላክ በኩል ደርቆ ታይቷል።

ከሁሉ የከፋው ግን የውሃው ጥራት ነው። በ2009 እና በ2010 በሉ ውስጥ ዓሣ በብዛት አለቀ። በአምባው ላይ ያለው አፈር ስስ፣ ድንጋዩም ስንጥቅጥቅ በመሆኑ፣ የከብት ፍግም ሆነ የመንደር ፍሳሽ ሳይጣራ በቶሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በካርታ ላይ የወንዙ ተፋሰስ በተራራ ጫፍ ይሰመራል፤ ወንዙን አይተውት የማያውቁ ገበሬዎች ግን ከመስመሩ ማዶ ሆነው ውሃውን ይካፈሉታል።