ሕያው ሆኖ የማይመልስ፦ በክላስተር ውስጥ የተንጠለጠለ የርቀት ጥሪን መመርመር

አንድሪው ቢረልና ብሩስ ኔልሰን በ1984 እ.ኤ.አ. የርቀት ፕሮሲጀር ጥሪን አሠራር ባብራሩበት ጽሑፍ፣ ጠሪው ማሽን በየጊዜው የመጠይቅ ፓኬት እንዲልክ አድርገዋል። ተጠሪው ለመጠይቁ እስከመለሰ ድረስ ጠሪው ያለ ገደብ ይጠብቃል። ዘዴው የወደቀን ማሽን ወይም የተበጠሰን መስመር ይለያል፤ ሥራ ላይ ሳለ የተቆላለፈን ተጠሪ ግን አይለይም። ጸሐፊዎቹ ይህን አውቀው ተቀብለውታል፤ በአንድ ማሽን ውስጥ የሚደረግ ጥሪም እንዲሁ ሳይመለስ ሊቀር ይችላልና። ዛሬም ክላስተር የሚያስተዳድር ባለሙያን የሚያስቸግረው ይኸው ክፍተት ነው። ኖዶቹ ሁሉ ይሠራሉ፣ የስህተት መልእክት የለም፣ መልስም የለም።

እንዲህ ያለ ጥሪ ሲያጋጥም ብዙዎች ወዲያው ኔትወርኩን ይጠረጥራሉ፤ አለዚያም ክላስተሩን አጥፍተው ያስነሳሉ። በእኔ እምነት ከሁሉ የሚቀድመው ጥሪው ምን እንደያዘና ምን እየጠበቀ እንደሆነ ማወቅ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የተጀመረው ሬይ የተባለው ፕሮግራሞችን በክላስተር ላይ የሚያስኬድ ሲስተም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በሬይ የርቀት ፈንክሽን የጠራ ፕሮግራም በእጁ የሚገባው ማጣቀሻ ብቻ ነው፤ ዋጋውን በ«ጌት» ሲጠይቅ ውጤቱ እስኪደርስ ይቆማል። በዚያ ጊዜ ጥሪው ግብዓት እየጠበቀ፣ ኖድ እስኪመደብለት ወረፋ ላይ ሆኖ ወይም እየሠራ ሊሆን ይችላል። ጠሪው በሦስቱ መካከል ልዩነት አያይም፤ የሥራዎችን ዝርዝር የሚያወጣው የሬይ ትእዛዝ ግን ለያይቶ ያሳያል።

በጣም አስተማሪው ጉዳይ የወረፋው ነው። አራት ጂፒዩ ያለው ክላስተር እንውሰድ። አራት ፈንክሽኖች እያንዳንዳቸው አንድ ጂፒዩ ይዘው ይጀምራሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሌላ ጂፒዩ የሚፈልግ ንዑስ ፈንክሽን ጠርቶ ውጤቱን በ«ጌት» ይጠብቃል። ንዑሳኑ ቦታ የላቸውም፣ ወላጆቹም ቦታ አይለቁም። ኮፍማንና ባልደረቦቹ በ1971 እ.ኤ.አ. የዘረዘሯቸው አራቱ የመቆላለፍ ቅድመ ሁኔታዎች በሙሉ ተሟልተዋል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ያው ፕሮግራም በሲፒዩ ብቻ ሲሞከር በሰላም ማለቁ ነው። ሬይ «ጌት» ላይ የቆመ ሥራ የያዘውን ሲፒዩ ለጊዜው ያስለቅቃል፤ ጂፒዩን ግን አያስለቅቅም፣ ሥራው በጂፒዩው ሜሞሪ ውስጥ ዳታ አስቀምጦ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ በላፕቶፕ ላይ ተፈትሾ ያለፈ ኮድ እውነተኛው ክላስተር ላይ ሲደርስ ይቆማል።

መፍትሔው የጥገኝነቱን አቅጣጫ መለወጥ ነው። ማጣቀሻው ለቀጣዩ ፈንክሽን በቀጥታ እንደ ግብዓት ከተሰጠ፣ ሬይ ግብዓቱ ሳይደርስ ለዚያ ፈንክሽን ጂፒዩ አይመድብም፤ ፈንክሽኑ በባዶ እጅ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ማጣቀሻው በሊስት ውስጥ ተከቶ ከተላለፈ ሬይ አይጠብቅለትም። ፈንክሽኑ ጂፒዩውን ይዞ ይጀምራል፣ ውስጥ ገብቶም «ጌት» ላይ ይቆማል፤ ችግሩም እንደነበረ ይመለሳል።

የጊዜ ገደብ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ የሚሰጠው ግን ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ገደቡ ሲያልፍ የሚነቃው ጠሪው ብቻ ነው። የተጠራው ሥራ በራሱ አይሰረዝም፣ የያዘውንም አይለቅም፤ ለዚያ የተለየ የስረዛ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ሳይሰርዝ ደግሞ የሚጠራ ፕሮግራም ወረፋውን ያረዝማል። በኖዶች መካከል የተዘጋ ፖርትም መንስኤ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና ክላስተሩ ሲዘረጋ የሚታይ ነው።

የሥራው ሁኔታ «እየሠራ ነው» ከሆነ ፕሮሰሱ ሳይገደል የጥሪ ቁልሉ መነበብ አለበት። ዳግም ማስነሳት ይህን ማስረጃ ያጠፋል። ቁልሉ «ጌት» ላይ መቆሙን ካሳየ የሚጠበቀውን ማጣቀሻ ተከትሎ ወደሚቀጥለው ሥራ መሄድ፣ የዚያንም ቁልል ማንበብ ይገባል። ሰንሰለቱ ወደ መጀመሪያው ሥራ ከተመለሰ መቆላለፉ ተረጋገጠ። ሶኬት ወይም የዳታቤዝ መቆለፊያ ላይ ካበቃ ግን መንስኤው ከሬይ ውጭ ነው፤ የሬይ መርሐ ግብር አውጪም ስለዚያ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ፍለጋው ወደዚያ ሲስተም መዝገቦች ይሻገራል።