ያልተሳካላቸው ቅኝ ገዢዎች

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይዞኝ መስቀል ፍላወር ካለች ትንሽ ቡና ቤት ተጠለልሁ። አጠገቤ ሦስት ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ክርክራቸው ጮክ ያለ ስለ ነበር ሳልፈልግ ሰማሁት። ነገሩም «ቅኝ ተገዝተን ቢሆን ኖሮ ማን ቢገዛን ይሻለን ነበር?» የሚል ነው። አንዱ ስለ ሕጉና ስለ ባቡር ሐዲዱ እንግሊዝን አመሰገነ። ሁለተኛው ፈረንሳይን መረጠ፤ ምክንያቱን ግን አልተናገረም። የጎረቤቴ ልጅ «እኔስ ሩስያን እመርጥ ነበር፤ በሃይማኖት እንቀራረባለንና» ሲል ጓደኞቹ ሳቁበት። «ሩስያ ደግሞ መቼ አፍሪካን አስቦ ያውቃል?» አሉት። እርሱም ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፥ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ።

ዝናቡ እስኪያባራ የነገርኋቸውን፥ ኋላ ቤቴ ገብቼ ካሰብሁት ጋር አያይዤ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ታሪክን የምናነበው ነገሩ ካለቀ በኋላ ስለ ሆነ፥ የሆነው ሁሉ ግድ መሆን የነበረበት ይመስለናል። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለመግዛት የተፈጠሩ፥ ሌላው ደግሞ ለመመልከት ወይም ለመገዛት የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን በአፍሪካ ዳርቻ ምሽግ ሠርተው ባንዲራ የተከሉት ታላላቆቹ ብቻ አልነበሩም። ዛሬ በላትቪያ ውስጥ የሚገኘው የኩርላንድ መስፍን በ1651 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጋምቢያ ወንዝ አንዲት ደሴት ያዘ። ስዊድንም በዛሬይቱ ጋና ጠረፍ ለጥቂት ዓመታት ሠፍራ ነበር። ዴንማርክ በአክራ የነበራትን ምሽግ በ1850 ለእንግሊዝ ሸጠችው። ብራንደንቡርግ የተባለው የጀርመን ግዛትም በ1683 እዚያው ጠረፍ ላይ ምሽግ ሠራ፤ በኋላም ለሆላንድ ሲሸጠው ጃን ኮኒ የሚባል የአገሩ ሰው «አላስረክብም» ብሎ ምሽጉን ለዓመታት ይዞ ቆየ። ይህን ሰው ከሁሉም አብልጬ እወደው ነበር፤ ዳሩ ግን እርሱም ከባሪያ ንግድ ያተርፍ ስለ ነበር ምስጋናዬን በልክ አደርገዋለሁ።

ለመሆኑ ኢጣልያ ራስዋ እንዲህ ካሉት አንዷ አልነበረችምን? አንድ መንግሥት የሆነችው በ1861 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ አንድ የመርከብ ኩባንያዋ የአሰብን መሬት ከአካባቢው ባላባቶች ገዛ። በዚያን ጊዜ የትናንቷ ኢጣልያ አዲስ አበባ ትገባለች ያለ ሰው ቢኖር ይሳቅበት ነበር። ነገር ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ገብታ ተቀመጠች። ከቡና ቤቷ ብዙም የማይርቀው የካዛንቺስ ስም የመጣው፥ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም ነው። ልጆቹ በየቀኑ ታክሲ ሲጠሩ የሚናገሩት ቃል መሆኑን ስነግራቸው ተያዩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የግብጽ ነገር ነው። ከዲቭ እስማኤል ራሱ ለቱርክ ሱልጣን የሚገብር ገዢ ነበር። እንዲህም ሆኖ ከዓባይ ምንጭ እስከ ቀይ ባሕር የሚዘረጋ የራሱን ግዛት ለመመሥረት ተመኘ። ገንዘቡን ከአውሮፓ ባንኮች ተበደረ፤ መኮንኖቹንም ከውጭ ቀጠረ። ሙንሲንገር የተባለው ስዊሳዊ በ1864 ዓ.ም. ከረንን ያዘለት። አሬንድሩፕ የተባለው ዴንማርካዊ ከምጽዋ ወደ ደጋው የሚወጣውን ጦር መራለት። ከአሜሪካም የርስ በርሱ ጦርነት ሲያበቃ ሥራ ያጡ መኮንኖች መጡ፤ በአገራቸው እርስ በርስ ሲታኰሱ የኖሩት የሁለቱ ወገን ሰዎች በካይሮ ከአንድ መዝገብ ደመወዝ ይቀበሉ ጀመር። የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም የነበረው ጀኔራል ስቶን፥ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በኒውዮርክ የነጻነት ሐውልት የቆመበትን መሠረት ያሠራ ዋና መሐንዲስ ሆነ። ሰው በአንድ ዕድሜ ስንት ዓይነት ሥራ ይሠራል!

ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ የዐፄ ዮሐንስ ጦር የአሬንድሩፕን ጦር ደመሰሰ፤ እርሱም እዚያው ሞተ። በዚያው ሰሞን ሙንሲንገር በአውሳ በአፋሮች እጅ ተገደለ። አሁን ቀኑን ልብ በሉ። ጉንደት ከሆነ 9 ቀን በኋላ እስማኤል በስዌዝ ቦይ ላይ የነበረውን አክሲዮን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። ቀንበር ይዞ ወደ ሰው በር የሄደው ሰው የገዛ ቤቱን ቁልፍ በዚያው ወር ለባለ ዕዳ አስረከበ። ቢሆንም አልተመለሰም፤ ከዚህ የሚበልጥ ጦር ልኮ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መባቻ ጉራ ላይ እንደ ገና ተሸነፈ። እስማኤል በ1871 ዓ.ም. ከሥልጣኑ ተሻረ። ከጉራ በኋላ 7 ዓመት ሳይሞላም የእንግሊዝ ጦር ካይሮ ገባ።

በሐረር በኩል ግን ግብጽ ተሳክቶላት ነበርና፥ «ያልተጠበቀ ገዢ ቢመጣ ምን ይመስል ነበር?» ለሚል ጥያቄ በሐሳብ ብቻ መመለስ አያስፈልግም፤ ሐረርን መጠየቅ ይበቃል። ራኡፍ ባሻ በ1868 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማይቱን ያዘ፤ አሚር መሐመድም ተገደሉ። ገዢዎቹ እስላሞች፥ የከተማይቱም ሰዎች እስላሞች ናቸው። በሃይማኖት መቀራረብ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። የግብጽ መኮንኖች የከተማይቱን ካርታ አነሡ፥ ሠፈር ሠሩ፥ ግብር ጣሉ። የራኡፍ አገዛዝ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ፥ በግብጽ መንግሥት የሱዳን ገዢ የነበረው እንግሊዛዊ ጎርደን በ1870 ዓ.ም. ራሱ ሐረር ድረስ መጥቶ ሻረው። በ1877 ዓ.ም. ግብጾች ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ተተኩ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ገቡ። በ12 ዓመት ውስጥ ጌታዋ ሦስት ጊዜ ሲለወጥ፥ ሐረርን «የትኛው ይሻልሻል?» ብሎ የጠየቃት ማንም አልነበረም።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልጅ ጥያቄ እንመለስ። ግብጾች ከባሕሩ ዳርቻ ሲወጡ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፥ ሳጋሎ በሚባል ቦታ አንድ ምሽግ ባዶውን ትተው ነበር። ኒኮላይ አሺኖቭ የተባለ፥ ራሱን የኮሳኮች አለቃ ነኝ የሚል ሰው፥ በ1881 ዓ.ም. መነኮሳት፥ ሴቶችና ሕፃናት ያሉባቸውን ወደ 150 የሚጠጉ ሩስያውያን አስከትሎ በዚህ ምሽግ ሠፈረ። ጉዞውም ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች የሚደረግ መንፈሳዊ አገልግሎት ነው ተብሎ የተነገረለት ነው፤ ፓይሲ የተባሉ የገዳም አለቃም አብረውት ነበሩ። ሠፈራቸውን አዲሲቱ ሞስኮ ብለው ሰየሙት። የግብጽ ሕልም የሞተበት ቤት ለመስኮብ ሕልም መኝታ ሆነ ማለት ነው።

አገሩን ግን ፈረንሳይ የእኔ ነው ትል ነበር። ባንዲራህን አውርድ፥ መሣሪያህንም አስረክብ ብትለው አሺኖቭ እንቢ አለ። ፈረንሳይ ወደ ጴጥሮስበርግ ብትጠይቅ፥ የንጉሡ መንግሥት ሰውየው በገዛ ራሱ የሚሠራ እንጂ የእኛ መልእክተኛ አይደለም ብሎ መለሰ። የካቲት 11 ቀን 1881 ዓ.ም. የፈረንሳይ መርከቦች ምሽጉን በመድፍ ደበደቡት። ከሞቱት ውስጥ ሴትና ሕፃናት ነበሩበት። የተረፉት ተጭነው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አዲሲቱ ሞስኮም አንድ ወር ያህል ኖራ ጠፋች። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ፈረንሳይና ሩስያ የጦር ቃል ኪዳን ተጋቡ፤ የሳጋሎን ሕፃናት ነገር ያነሣ አልነበረም።

ይህ የሆነበትን ጊዜ ደግሞ ተመልከቱ። ሳጋሎ በተደበደበ 20ኛው ቀን፥ መጋቢት 1፥ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ሚያዝያ 25 ቀን ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። ሦስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የአገሪቱ ዕድል በሦስት ቦታ ተንቀጠቀጠ። እንግዲህ የሩስያ ንጉሥ በዚያች የካቲት «ሰዎቹ የእኔ ናቸው» ብሎ ቢሆን ኖሮስ?

የማይታወቅን ነገር እንደሚያውቅ ሰው መናገር አልወድም። ይሁን እንጂ ይህን ያህል መገመት ይቻላል። ከዚያ ባሕረ ሰላጤ ወደ ሸዋ የሚወጣው መንገድ ምኒልክ ጠመንጃ የሚያስመጡበት መንገድ ነበር። አድዋ ላይ ከተተኰሰው ብዙው በዚያ በኩል የገባ ነው። አፉ በአንድ ኃያል የክርስቲያን መንግሥት እጅ ቢሆን ኖሮ፥ ጠባቂያችሁ ነኝ የሚል አንቀጽ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ሊመጣ ይችል ነበር። የኢጣልያን 17ኛ አንቀጽ በጥርጣሬ የመረመሩት መኳንንትና ካህናት፥ መስቀል ይዞ የመጣውን በዚያው ዓይን ይመረምሩት ነበርን? እኔ እጠራጠራለሁ። ጠላት ነው የተባለውን ሁሉም ይጠብቀዋል፤ ወንድም ነው ለተባለው ግን በሩ ሳይንኳኳ ይከፈታል።

የጎረቤቴ ልጅ በዚህ አልረካም። «ታዲያ ጋሼ፥ ሩስያውያን ከአድዋ በኋላ መጥተው ቁስለኛ አላከሙም እንዴ?» አለኝ። ልክ ነው። አክመዋል። የሩስያ ቀይ መስቀል ጓድ በ1888 ዓ.ም. ተነሥቶ በምጽዋ በኩል ልለፍ ቢል ኢጣልያ ከለከለችው። ስለዚህ በጂቡቲ ወረደ፤ ጂቡቲም ያለችው በዚያው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ነው። አሺኖቭ የተባረረበትን ውኃ ተሻግረው፥ በበረሃው በበቅሎና በግመል ተጕዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ድንኳን ተከሉ፥ ጥይት የመታውንም፥ በሌላ በሽታ የታመመውንም ተቀበሉ። ጥቂት ወራት ሠርተው ተመለሱ። ምሽግ አልሠሩም፤ ለሠፈሩበትም ቦታ የአገራቸውን ከተማ ስም አላወጡለትም።

ዝናቡ አባርቶ ስለ ነበር ሒሳባችንን ከፍለን ወጣን።