የነፋስ ደወል ለቤትና ለአትክልት ቦታ፦ ከመምረጥ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

የነፋስ ደወል ከብረት ቱቦ፣ ከቀርከሃ፣ ከመስታወት ወይም ከዛጎል ተሠርቶ በነፋስ ሲወዛወዝ ድምፅ የሚሰጥ ጌጥ ነው። የጥንት ሮማውያን ክፉ መንፈስን ያርቃል ብለው የነሐስ ደወሎችን በቤታቸውና በአትክልት ስፍራቸው ይሰቅሉ ነበር። ጃፓናውያን ደግሞ በሞቃታማው ወራት ትንንሽ የመስታወት ደወሎችን ከመስኮታቸው ጫፍ ያንጠለጥላሉ።

ብዙ ሰው ይህን ዕቃ የሚገዛው መልኩን አይቶ ነው። ይሁን እንጂ ደወል ከሁሉ በፊት በጆሮ ሊመረጥ ይገባል። ድምፁ ሌሊትም አይቋረጥም፤ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ቤት ይገባል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት አሠራሩን፣ የተሠራበትን ቁስና የሚሰቀልበትን ቦታ ማጤን ያስፈልጋል።

አሠራሩ

የተለመደው የነፋስ ደወል አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ሁሉን የሚሸከመው የላይኛው ዝርግ፣ ዙሪያውን የተንጠለጠሉት ቱቦዎች፣ መሐል ላይ ያለው መቺ እና ከመቺው ሥር የሚንጠለጠለው ነፋስ የሚይዝ ዝርግ ናቸው። ነፋሱ የታችኛውን ዝርግ ሲገፋ መቺው ቱቦዎቹን ይነካል።

ቱቦው ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ሳይታፈን ሲርገበገብ ነው። በጣና ሐይቅ ገዳማት የሚገኙት የድንጋይ ደወሎች ተንጠልጥለው የሚመቱትም ለዚሁ ነው፤ መሬት ላይ የተኛ ድንጋይ ቢመታ ድምፁ ወዲያው ይታፈናል። በብረት ቱቦ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከላይኛው ጫፍ የርዝመቱን 22.4 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ መበሳት አለበት። ይህ ነጥብ ቱቦው በዋናው ድምፁ ሲርገበገብ የማይንቀሳቀስ በመሆኑ ክሩ ድምፁን አያፍነውም። 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ቀዳዳው 11.2 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናል ማለት ነው። መቺውም የቱቦውን መሐል አካባቢ ቢነካ የተሻለ ነው።

የሚሠራበት ቁስ

አልሙኒየም ቀላል ነው፤ አይዝግም፤ ድምፁም ረዘም ላለ ጊዜ ይሰማል። መዳብና ነሐስ ከጊዜ ብዛት መልካቸው ቢለወጥም ለዓመታት ያገለግላሉ። ተራ ብረት ቀለም ካልተቀባ በክረምት ይዝጋል። መስታወትና ዛጎል ስስ ድምፅ አላቸው፤ ኃይለኛ ነፋስ ግን ይሰብራቸዋል።

ቀርከሃ የለሰለሰና ቶሎ የሚጠፋ ድምፅ ስላለው ቤት ለቤት ለተጠጋጋ ሰፈር ይስማማል። በአዊ ደጋማ አካባቢዎች የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት በመሆኑ ለዚህ ሥራ ይመቻል። የቆላ ቀርከሃ ግን በአብዛኛው ውስጡ ድፍን ስለሆነ ድምፁ ደካማ ነው። ቀርከሃው የበሰለና በጥላ ሥር በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ይሰነጠቃል፣ በነቀዝም ይበላል።

ክሩም ሊዘነጋ አይገባም። ሲባጎ በዝናብና በፀሐይ ቶሎ ስለሚበሰብስ ጠንካራ የናይለን ገመድ ይመረጣል።

ርዝመትና ቅኝት

ረጅም ቱቦ ወፍራም፣ አጭር ቱቦ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ብዙ ደወሎች በአምስት ድምፆች ይቃኛሉ፤ ምክንያቱም ነፋሱ የትኞቹንም ቱቦዎች በአንድነት ቢመታ ድምፃቸው እርስ በርስ አይጋጭም። ይህ አቃኘት ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ የትዝታ ሜጀር ቅኝትም እነዚሁ አምስት ድምፆች አሉት።

ደወሉን ራሱ መሥራት የሚፈልግ ሰው ከአንድ ዓይነት ቱቦ 50፣ 47.1፣ 44.7፣ 40.8 እና 38.7 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው አምስት ቁራጮችን ቢያዘጋጅ ወደዚህ ቅኝት የተጠጋ ድምፅ ያገኛል። የቱቦዎቹ ስፋትና ውፍረት እኩል መሆን አለበት። ቀርከሃ ግን ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በዚህ ልኬት አይቃኝም፤ እየቆረጡና እያዳመጡ ማስተካከል ግድ ይላል።

የሚሰቀልበት ቦታ

ነፋስ በማይበዛበት ግቢ የታችኛው ዝርግ ሰፋ ያለ፣ ገላጣ በሆነ ኮረብታ ላይ ደግሞ ጠበብ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ደወሉ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳና ቅርንጫፍ በማይነካው ቦታ፣ በጠንካራ ማንጠልጠያ ይሰቀላል። በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይም ሆነ በሽቦ አጠገብ መስቀል ለአደጋ ያጋልጣል።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከጎረቤት መኝታ መስኮት ራቅ ማድረግ ተገቢ ነው። ሌሊት መቺውን በክር ማሰር ወይም ደወሉን ወደ ቤት ማስገባት ጠብን ያስቀራል። በቤት ውስጥ ሕፃን፣ አራስ ወይም ሕመምተኛ ያለበትን ጎረቤት አስቀድሞ ማነጋገርም መልካም ጉርብትና ነው።

ሰብልን ከወፍ ይጠብቃል?

አዲስ ድምፅ ወፎችን ለጥቂት ጊዜ ያስደነግጣል። ነገር ግን ጉዳት እንደማያስከትልባቸው ሲረዱ ይለምዱትና ወደ ሰብሉ ይመለሳሉ። በጓሮ አትክልት ላይ ቦታውን በየጊዜው መቀያየርና ከሚያብረቀርቁ ነገሮች ጋር ማጣመር ጊዜውን ሊያራዝመው ይችላል። የማሽላ ማሳ ያለው አርሶ አደር ግን በደወል ተማምኖ የማማ ጥበቃውን ሊተው አይገባም፤ እሸቱ በያዘበት ወቅት የጥቂት ቀናት መዘናጋት የዓመት ድካምን ያሳጣልና።