ከሲጋራ ፓኮ የወጡ ፊቶች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ሲጋራ የሚታሸገው በስስ ወረቀት ነበር። ፓኮው ኪስ ውስጥ ሲታሽ ሲጋራው እንዳይሰበር አምራቾቹ ጠንከር ያለ ቁራጭ ካርቶን ይጨምሩበት ጀመር። ባዶ ካርቶን ግን ገበያ አይጠራም። ስለዚህ ሥዕል ታተመበት፤ ተዋናዮች፣ ቦክሰኞች፣ የቤዝቦል ተጫዋቾች። ዛሬ በሚሊዮን ዶላር የሚሸጠው የቤዝቦል ካርድ የተስፋፋው እንዲህ የሲጋራ መደገፊያ ሆኖ ነው።

ካርዶቹ በተከታታይ ስለሚታተሙ አንዱን ያገኘ የጎደለውን ፍለጋ ሌላ ፓኮ ይገዛል። የቨርጂኒያው አለን ኤንድ ጊንተር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1887 «የዓለም ሻምፒዮኖች» ብሎ ካወጣቸው 50 ካርዶች 10ሩ የቤዝቦል ተጫዋቾች ነበሩ። የኦልድ ጀጅ ሲጋራ ካርዶች ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ የተነሱ ፎቶግራፎች ናቸው፤ ኳሷ በክር ተንጠልጥላ ተጫዋቹ ሊቀልባት እጁን ይዘረጋል። ቴሌቪዥን ባልነበረበት ዘመን ከሜዳው ርቆ የሚኖር ልጅ የጀግናውን መልክ የሚያየው በዚህች ወረቀት ነበር። ጀግና ተብሎ የሚታተመው ግን ሁሉም አልነበረም። ከእነዚያ 10 ተጫዋቾች አንዱ የቺካጎው ካፕ አንሰን ነው፤ ጥቁር ተጫዋች ካለበት ቡድን ጋር አልጫወትም በማለቱም ይታወቃል።

ከ1909 እስከ 1911 የአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ከ500 በላይ ካርዶች ያሉት አዲስ ስብስብ አወጣ። በዘመኑ ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው የፒትስበርጉ ሆነስ ዋግነር ግን ምስሌ አይታተም አለ። ልጆች የእሱን ካርድ ፍለጋ ትምባሆ እንዳይገዙ ሰግቶ ነው ይባላል፤ ገንዘብ ስላልተከፈለው ነው የሚሉም አሉ። ዋግነር ራሱ ትምባሆ ያኝክ ነበር። ያም ሆነ ይህ ኅትመቱ ቆመ፤ አስቀድመው የወጡት ጥቂት ካርዶች ብርቅ ሆኑ። በ2022 አንዱ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ዋግነር እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነበር። ጂሚ ክላክስተን ግን ለመታየት እንኳ ማንነቱን መሸፈን ነበረበት። ጥቁር፣ ነጭና የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ደም ያለበት ይህ ኳስ ወርዋሪ በግንቦት 1916 የካሊፎርኒያውን ኦክላንድ ኦክስ ቡድን የተቀላቀለው የነባሩ ሕዝብ ተወላጅ ነው ተብሎ ነው። እነሱ መጫወት አልተከለከሉም ነበርና። የጥቁር ዘር እንዳለው ሲታወቅ ቡድኑ በቀናት ውስጥ አሰናበተው። በዚያችው ሳምንት ግን ዚ-ነት ለተባለው ከረሜላ ካርድ የሚያዘጋጀው ፎቶ አንሺ መጥቶ ኖሮ ክላክስተንም ከጓደኞቹ ጋር ተነሳ፤ ካርዱም ታተመ። በአሜሪካ የቤዝቦል ካርድ ላይ የወጣ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች እሱ እንደሆነ ይታመናል። ጃኪ ሮቢንሰን በከፍተኛው ሊግ የጥቁሮችን በር የከፈተው ከዚያ 31 ዓመት ቆይቶ፣ በ1947 ነው።

የሁለቱም ካርዶች ዋጋ ዛሬ ከማስታወቂያነታቸው ጋር አይገናኝም። ሲጋራው ጨሷል፣ ከረሜላውም ተበልቷል። ዋግነር ይቅርብኝ ያለው ምስሉ ከሁሉ ይበልጥ ዝነኛ አደረገው። ክላክስተንን ቡድኑ ከሜዳ ሲያሰናብተው፣ ከረሜላ ለመሸጥ የታተመችው ወረቀት መጫወቱን መስክራ ቀረች።