ዜና ማንዲያ፤ ስለ ካቬሪ ውኃና ስለ ስኳር አገር

የማንዲያን አገር ዜና እንጽፋለን። ማንዲያ በደቡብ ሕንድ፣ በካርናታካ ግዛት፣ ከባንጋሎር ወደ ማይሶር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የገበሬ አውራጃ ናት። ስፋቷ 4,961 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በ2011 ሕዝቧ ቢቆጠር 1.8 ሚሊዮን ያህል ነፍስ ተገኘ፤ ከመቶው 17ቱ ብቻ ከተሜ ነበረ። ዘመኑን የምንቆጥረው ሁሉ እንደ አውሮፓ ነው። ሰዎቿ በካነዳ ቋንቋቸው «ሰከሬ ናዱ» ይሏታል፤ የስኳር አገር ማለት ነው። እኛም «ስኳር» የምንለው ቃል ከዚያው ከሕንድ ምድር ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አፍ አልፎ የመጣ ነውና፣ ስሙ ለጆሯችን ባዕድ አይደለም።

ስኳሩ ግን የትናንት ነው። አስቀድሞ የአገሩ እህል ዳጉሳ ነበረ። መሬቱ ቀይ፣ ዝናሙ ጥቂትና የማይታመን ስለሆነ፣ ከዳጉሳ በቀር ቤተ ሰብ የሚያስተማምን አዝመራ አልነበረም። ዱቄቱን በፈላ ውኃ እያማሰሉ፣ እንደ ገንፎ ሲጠነክር በእጅ አድቦልቡለው «ሙዴ» የሚሉትን ምግብ ይሠራሉ። ይህንንም በወጥ እያጠቀሱ ሳያላምጡ ይውጡታል፤ ማላመጥ የእንግዳ ምልክት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ዳጉሳ ከየት እንደ ሄደ ልብ በል። የአዝርዕት ሊቃውንት እንደሚሉት መጀመሪያ የለመደው በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፤ ከዚያም ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ገባ። የጎጃም ባላገር ለጠላና ለአረቄ የሚያዘጋጀውን እህል የማንዲያ ባላገር ዕለት ዕለት ይበላው ነበር።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አገሩን የገዛው ቲፑ ሱልጣን ነው። መናገሻው ስሪራንጋፓትና በካቬሪ ወንዝ መካከል ያለች ደሴት ነበረች፤ ዛሬ ከማንዲያ ወረዳዎች አንዷ ናት። ቲፑ የሐር ትል እርባታን በአገሩ ያስፋፋ ገዥ ነው። ወንዙንም ለመገደብ አስቦ በ1794 የመሠረት ድንጋይ በፋርስ ቋንቋ አስቀርጾ ነበር፤ ድንጋዩም ዛሬ በታላቁ ግድብ መግቢያ ቆሞ ይታያል። ሐሳቡ ግን ሳይፈጸም ግንቦት 4 ቀን 1799 እንግሊዞች ደሴቲቱን ሰብረው ገቡ፤ እርሱም በቅጥሩ በር ከወታደሮቹ ጋር ወደቀ። እንግሊዞችም የቀድሞዎቹን የወዲያር ነገሥታት ልጅ በማይሶር ዙፋን አስቀመጡ።

ከዚህ በኋላ ወንዙ ከመቶ ዓመት በላይ በታላቅ ግድብ ሳይገደብ ኖረ። በአዲሱ ዘመንም መጀመሪያ የሠራው ለእርሻ አልነበረም፤ ለወርቅ ነበር እንጂ። ነገሩ እንዲህ ነው። ካቬሪ ከማንዲያ በታች ሺቫናሳሙድራ በሚባል ስፍራ ከገደል ይወረወራል። በኮላር የወርቅ ጉድጓድ የሚቆፍሩ የእንግሊዝ ኩባንያዎች ብርቱ ኀይል ፈለጉና በ1902 ከፏፏቴው የኤሌክትሪክ ኀይል ወጣ። ሽቦውም 147 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ኮላር ደረሰ፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከነበሩት ረጃጅም መስመሮች አንዱ ነበረ። በ1905 ባንጋሎር በመብራት አበራች። በፏፏቴው አጠገብ ያሉት የማላቫሊ ወረዳ መንደሮች ግን መብራቱን ያዩት በሰማይ ላይ ሲያልፍ በሽቦው ብቻ ነው።

በበጋ ወንዙ ሲጎድል ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው መዘውር ይደክማል፤ መዘውሩ ሲደክም የወርቁ ጉድጓድ ይቆማል። ስለዚህ ክረምቱን አጠራቅሞ በጋውን የሚለቅ ግድብ ያስፈልግ ነበር። በ1909 ሞክሻጉንዳም ቪስቬስቫራያ የማይሶር ዋና መሐንዲስ ሆኑ። እኒህ ሰው ልብሳቸው የተተኮሰ፣ ሰዓታቸው የማይዛነፍ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ ናቸው። በካናምባዲ መንደር ላይ ታላቅ ግድብ እንዲሠራ አሳብ አቀረቡ። የመንግሥቱ ሹማምንት ገንዘቡን ፈርተው አመነቱ፤ ንጉሡ ክርሽናራጃ ወዲያር አራተኛ ግን ፈቀዱ። ሥራው በ1911 ተጀመረ፤ በተከተለው ዓመት መሐንዲሱ ዲዋን፣ እንደ እኛ አጠራር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሆኑ። የንጉሡ እናት ለግድቡ ጌጣቸውን ሸጡ ብሎ ሕዝቡ ይተርካል።

በወንዙ ታችኛ ወገን ያለው የማድራስ መንግሥት ግን ውኃዬን ይቀሙኛል ብሎ ተቆጣ፤ ትንሽ ግድብ ብቻ ይሠራ ሲልም ገደበ። ማይሶሮች ትንሹን ግድብ እንሠራለን አሉና መሠረቱን ለትልቁ በሚበቃ ስፋት ጣሉት። ብልኀት ነው የሚሉ አሉ፤ በእኔ ዕይታ ድፍረትም አለበት። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1924 በውል ተፈጸመ፤ ማይሶር በግድቡ ውኃ 125,000 ኤከር፣ ማለት 50,000 ሄክታር ያህል፣ አዲስ መሬት እንዲያጠጣ ተፈቀደለት። ድንጋዩን ያያያዙት በሲሚንቶ አይደለም፤ የተፈጨ ጡብ ከኖራ ጋር ለውሰው «ሱርኪ» በሚሉት ጭቃ ነው። ግድቡ በ1931 ተፈጸመ። ርዝመቱ ከ2.6 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከፍታው 40 ሜትር ያህል ነው። በንጉሡም ስም ክርሽናራጃ ሳጋራ ተባለ፤ ሳጋራ ባሕር ማለት ነው።

ካናምባዲም ከነመቅደሷ ሰጠመች። ሰዎቹ ወደ ከፍታው ወጥተው አዲስ ካናምባዲ የሚሏትን መንደር ሠሩ። ድርቅ በጸናባቸው ዓመታት ውኃው ሲሸሽ የመቅደሱ ድንጋይ ብቅ ይል ነበር፤ ባላገሮችም ለማየት በጭቃው ላይ ይሄዱ ነበር። በኋላ ድንጋዩ አንድ በአንድ ተፈትቶ በባሕሩ ዳር እንደ ገና ተሠራ።

ከግድቡ የወጣው ታላቅ ቦይ መጀመሪያ በእንግሊዙ እንደራሴ ስም ኢርዊን ተባለ፤ በኋላ የቪስቬስቫራያ ስም ተሰጠው። ቦዩ ማንዲያ ሲደርስ የዳጉሳው መሬት ረጠበ፤ የረጠበውን ምን እናድርገው የሚል ጥያቄም መጣ። ሌስሊ ኮልማን የሚባል ካናዳዊ የማይሶር እርሻ ሹም ነበረ፤ የመጣው የተክል በሽታ ሊመረምር ነው፤ በመጨረሻ ስኳር የተከለ ሰው ሆነ። ሸንኮራ ይተከል፣ መፍጫውም በዚያው ይቁም ብሎ ተከራከረና በ1933 የማይሶር ስኳር ኩባንያ ተቋቋመ። ከአክሲዮኑ የሚበዛውን መንግሥት ያዘ፤ በ1934 መጀመሪያ ፋብሪካው አገዳ መፍጨት ጀመረ። ኩባንያው ለገበሬው ብድርና ማዳበሪያ ይሰጣል፤ ገበሬው በውል የተስማማበትን አገዳ ያስገባል፤ ዕዳው ከዋጋው ይቀነሳል። የጣቢያ መንደር የነበረችው ማንዲያም በጥቂት ዓመት ከተማ ሆነች፤ በ1939 ከማይሶር ተለይታ ራሷን የቻለች አውራጃ ተባለች።

ሆኖም አገዳው ሁሉ ወደ ፋብሪካ አልሄደም። የፋብሪካው ውል ያልደረሰው፣ ወይም ገንዘብ ቶሎ የፈለገ፣ አገዳውን ወደ «አሌማኔ» ይወስዳል። አሌማኔ በእርሻው መካከል የቆመ ዳስ ነው። በአንድ ወገን መጭመቂያው እየተንቋረረ አገዳውን ይውጣል፤ በሌላው ወገን ሰፊ የብረት ምጣድ በምድጃ ላይ ተጥዷል። ማገዶው ከሌላ አይመጣም፤ ጭማቂው የወጣለትን ገለባ በፀሐይ አድርቀው ያነዱታል። ጭማቂው ሲፈላ ኖራ ይነሰነስበታል፤ የባሚያ ግንድ ተቀጥቅጦ ልጉ ይገባበታል፤ ያን ጊዜ እድፉ አረፋ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ያንንም በረጅም ጭልፋ ይገፉታል። አፍላሚው የሚያየው ሰዓት የለውም። ከሚፈላው ጥቂት ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ጣል ያደርግና በጣቱ ያድቦለቡለዋል፤ ከያዘ ደረሰ፣ ከፈሰሰ ገና ነው። የደረሰውን ገልብጠው በቅርጽ ያረጉታል፤ ይህ «ቤላ» የሚሉት ቡናማ ስኳር ነው። የአፍላሚው ጣት አንድ ጊዜ ቢሳሳት የቀኑ ሥራ ይበላሻል።

አሁን ከነገሥታቱ ወርደን ወደ ሁለት መንደሮች እንሂድ፤ የዚህ ዜና ፍሬው በዚያ ነውና። በ1954 ስካርሌት ኤፕስታይን የምትባል ሴት በማንዲያ አጠገብ ልትኖር መጣች። የተወለደችው በቪየና ነው፤ ከናዚዎች ሸሽታ እንግሊዝ ገብታ በማንችስተር ተማረች። የሁለቱን መንደሮች እውነተኛ ስም ሰውራ አንዱን ዋንጋላ፣ ሁለተኛውን ዳሌና ብላ ጻፈች። በሁለቱም የሚበዛው ኦካሊጋ የሚባለው ገበሬ ወገን ነው። ዋንጋላ ከቦዩ በታች ስለሆነች ውኃው ወደ እርሻዋ ገባ። ዳሌና ከቦዩ በላይ ናት። ውኃ ሽቅብ አይወጣምና ቦዩ በእግሯ ሥር እያለፈ ምድሯ እንደ ደረቀ ቀረ።

ለዋንጋላ ሀብት መጣላት። አገዳ ተከለች፣ ሩዝ ተከለች፣ ቤቷን አደሰች፣ ሠርጓን አደመቀች። ገበሬው ከአባቶቹ የወረሰውን ሥራ ስላበለጸገው ሥርዐቱን የሚለውጥበት ምክንያት አላገኘም። ድሮ ለገበሬው በውርስ ያገለግል የነበረው ዝቅተኛ የተባለው ወገን እንደ ድሮው ማገልገሉን ቀጠለ፤ ክፍያው በእህል፣ ቦታውም በመንደሩ ዳር ሆነ። ውኃው ሀብቱን ጨመረ እንጂ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ አልነካም።

የዳሌና ሰው ግን ተቀምጦ ቦዩን ማየት አልቻለም። አንዳንዱ ወደ ማንዲያ ፋብሪካ ገብቶ ደመወዝተኛ ሆነ፤ አንዳንዱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነ። ጋሪ ያለው የሌላውን አገዳ ጫነ። ገንዘብ የያዘው በጎረቤት መንደር ቦይ የሚያጠጣውን መሬት ገዛ፤ ሌላው ወፍጮ አቆመ። ደመወዝና ንግድ ሲገቡም የውርስ አገልጋይነቱ ላላ፤ በእህል የሚታሰረው ውለታ በብር የሚከፈል የቀን ሥራ ሆነ። ኤፕስታይን በ1962 ባወጣችው መጽሐፍ የጻፈችው ይህንኑ ነው፤ ውኃ የደረሳት መንደር በነበረችበት ስትበለጽግ ውኃ ያለፋት ተለወጠች። በ1970 ተመልሳ አየቻቸው። እኔ ይህን ሳነብ መሐንዲሶቹ ቦዩን ሲቀይሱ ዳሌናን በካርታው ላይ አይተዋት ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ ቢያዩአትም ከመስመሩ በላይ ያለች አንዲት ነጥብ ነበረች።

ዳጉሳውም አልተረሳም። በማንዲያ አጠገብ ባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ላክሽማናያ የሚባሉ ሊቅ በ1960ዎቹ የሕንዱን ዳጉሳ ከአፍሪካው ጋር አዳቀሉ። አበባው እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ ሥራው ዓይን የሚያፈስ ነው። የወጣው ዘር «ኢንዳፍ» ተባለ፤ ኢንዲያና አፍሪካ ስማቸውን አጋጥመው ነው። ሰውየውንም ሕዝቡ «ራጊ ላክሽማናያ» አላቸው፤ ራጊ በእነርሱ ቋንቋ ዳጉሳ ነው። በጥንት ባሕር የተሻገረው ዘር ከቀሩት ዘመዶቹ ጋር በማንዲያ ማሳ ተገናኘ።

ከዚህ በኋላ የጠብ ዘመን መጣ። የ1924ቱ ውል 50 ዓመት ሲሞላው የማይሶር ወራሽ ካርናታካ ጊዜው አልቋል አለች፤ ከታች ያለችው የማድራስ ወራሽ ታሚል ናዱ ግን የጥንት እርሻዬ ይጠማብኛል አለች። በ1990 ዳኞች ተሰየሙ። በ1991 ለጊዜው የሰጡት ፍርድ በባንጋሎር ደም አፋሰሰ። በ2007 የመጨረሻ ፍርድ ወጣ፤ በ2018 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሻሽሎ ለታሚል ናዱ 404.25፣ ለካርናታካ 284.75 ሺህ ሚሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ውኃ በየዓመቱ ወሰነ። ዝናም በበቃበት ዓመት ይህን ቁጥር የሚያነሣው የለም። ዝናም በቀረበት ዓመት ግን የማንዲያ ገበሬ የባንጋሎርን መንገድ ዘግቶ ይቀመጣል። የግድቡ ውኃ ስንት ጫማ እንደ ደረሰ ጋዜጣው በየቀኑ ይጽፋል፤ ሙላቱ 124.8 ነው። ሞልቶ ባደረ ጊዜ የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ይመጣና አምባርና እርድ የተሞላ ሰፌድ ለወንዚቱ ይሰጣል፤ ካቬሪ በእነርሱ ዘንድ እናት ናትና።

የፋብሪካው ነገር ግን አላማረም። በመንግሥት እጅ ያለው አሮጌ መፍጫ ዕዳ በዕዳ ላይ ተከመረበት፤ በሌሎች ወገኖች የቆሙ ፋብሪካዎች በዙሪያው ሲያድጉ እርሱ የመፍጫ ወራቱን አንዱን ሠርቶ ሌላውን ዘለለ። በ2015 የስኳር ዋጋ ወደቀ፤ አገዳውን አስገብቶ ገንዘቡ የዘገየበት፣ ከአራጣ አበዳሪ የተበደረ ገበሬ በዕዳ ተጨንቆ ነፍሱን ያጠፋበት የመከራ ዓመት ነበረ። አገዳ ከአንድ ዓመት በላይ በማሳ ይቆያል፤ አበዳሪው ግን ወር አይቆይም። በ2022 አሮጌው ፋብሪካ ጢሱን እንደ ገና አወጣ፤ ገበሬውም በትራክተር አገዳውን አሰለፈ።

በመጨረሻ ስለ መንገዱ እንጻፍ። በባንጋሎርና በማንዲያ መካከል ማዱር የምትባል ከተማ አለች፤ «ቫዳ» በሚሉት ጠፍጣፋ፣ ሽንኩርት በበዛበት ጥብስ የታወቀች ናት። ተረቱ በ1917 ይጀምራል። በባቡር ጣቢያው የሚሸጥ አንድ ሰው ባቡሩ ሳይታሰብ ስለ ደረሰበት ማድቦልቦሉን ትቶ ሊጡን በመዳፉ ጠፈጠፈው፤ ቶሎም ጠበሰው፤ ሰውም ወደደው ይባላል። መጋቢት 12 ቀን 2023 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ማንዲያ መጥተው ባንጋሎርን ከማይሶር የሚያገናኘውን 118 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድ መረቁ። መንገዱ ከተሞቹን በውጭ ዞሮ ያልፋል። በአሮጌው መንገድ ዳር የነበሩ ምግብ ቤቶችም እንግዳ ቀነሰብን ብለው አጉረመረሙ። ባቡሩ ግን ዛሬም ማዱር ይቆማል፤ ሻጮቹም ቅርጫታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው «ቫዳ፣ ቫዳ» እያሉ ይሳፈራሉ፤ በሚቀጥለው ጣቢያም ይወርዳሉ።