«በራሂ ይበራል» ስለሚለው አነጋገር፦ የሌሽማንያ ጥናት ታሪክና የስያሜ ሥራችን

ከደሃና ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ቆላ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ በካላዛር ሊያዝ ይችላል። ሽኮኮ በሚኖርባቸው ገደላማ የኢትዮጵያ ደጋዎች ደግሞ ፊትን የሚያቆስለው ቁንጭር አለ። ሁለቱ ደዌያት በሕዝብ አንደበት ዝምድና የላቸውም፤ ሆኖም ሁለቱንም የሚያመጡት ሌሽማንያ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የእነዚህ ተሕዋስያን በራሂዎች አሠራር በስያሜ ሥራችን ላይ የሚያስነሣውን ጥያቄ እንመለከታለን።

ተሕዋሲው ሌሽማንያ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1903 ሌሽማንና ዶኖቫን በየፊናቸው ከገለጹት በኋላ ነው። በአገራችን ዶክተር አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው ስለ ደጋው ቁንጭር ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙ፤ በ1973 ደግሞ አምጪው ተሕዋሲ ሌሽማንያ ኤትዮፒካ ተብሎ ተሰየመ። 1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ የታወቀበት ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ የዘመዱ የሌሽማንያ ሜጀር ሙሉ ዘረመል ታተመ፤ በ36 ሀብለ በራሂዎችም ላይ ከ8,000 በላይ ፕሮቲን የሚያሠሩ በራሂዎች ተቆጠሩ።

የበራሂ መገለጽ ማለት በበራሂው የሰፈረው መመሪያ በመልእክተኛ አር ኤን ኤ ተቀድቶ ወደ ፕሮቲን መተርጎሙ ነው። ዣኮብና ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1961 በባክቴሪያ ጥናታቸው የቁጥጥሩ ዋና በር የቅጂው መነሻ መሆኑን አሳዩ። ከዚህም የተነሣ «በራሂው ይበራል፤ ይጠፋል» ማለት ተለመደ። «በራሂ» የሚለው ቃል ራሱ የግእዙን «በርሀ» ስለሚያስታውስ አነጋገሩ ለጆሯችን ይስማማል።

ሌሽማንያ ግን ለዚህ አነጋገር አይገዛም። በራሂዎቹ በረጅም ሰልፍ ተደርድረው በአንድነት ይቀዳሉ። ከዚያም ረጅሙ ቅጂ ይቆራረጣል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ራስ ላይ 39 ፊደላት ያሉት አንድ ዓይነት መሪ ይቀጠላል፤ በመጨረሻውም የአዴኒን ጭራ ይታከላል። ተሕዋሲው ከአሸዋ ዝንብ አንጀት ወጥቶ ወደ ሞቃቱ የሰው ሰውነት፣ ይኸውም ጀርምን ወደሚውጡት የመከላከያ ሕዋሳት ሲገባ መልኩንና ኑሮውን ይለውጣል። ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ በአብዛኛው የሚለወጠው የቅጂው መጀመር አይደለም፤ ቅጂው ምን ያህል እንደሚቆይና ምን ያህል እንደሚተረጎም ነው። የዚህም ምልክት ብዙውን ጊዜ በቅጂው መጨረሻ፣ ወደ ፕሮቲን በማይተረጎመው ክፍል ይገኛል። ከዚህ ሌላ ተሕዋሲው የአንዳንድ ሀብለ በራሂዎቹን ቁጥር በማብዛት ወይም በመቀነስ የምርቱን መጠን ይለውጣል።

እንግዲህ «ቁጥጥር» የሚለው ቃል ብቻውን የበር ጠባቂን ሥዕል ይሰጣል፤ «ማብራትና ማጥፋት» ደግሞ የባሰ ያሳስታል። እኛ «የበራሂ መገለጽ ምጣኔ» የሚለውን እንመርጣለን። ምጣኔ በ«ምጣኔ ሀብት» እንደምናውቀው ልክ ማድረግን ያመለክታል፤ ለባክቴሪያውም ለሌሽማንያውም ይበቃል። «ቁንጭር» እና «ካላዛር» የሚሉት ስሞች ግን በሕዝብ ዘንድ የታወቁ ስለሆኑ እንዳሉ ይቆዩ፤ ዝምድናቸውን መዝገበ ቃላቱ በፍቺው ያስረዳ።

ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም። «በራሂው ጠፍቷል» ብሎ የተማረ ተማሪ፣ በዚህ ተሕዋሲ ውስጥ በራሂው እየተቀዳ ፕሮቲኑ ሊጎድል እንደሚችል አይገምትም፤ ነገ መድኃኒት ፈላጊ ቢሆን ፍለጋውን ከተሳሳተ በር ይጀምራል። በዋግ ኽምራ ያለ መምህርም ከአማርኛው ተነሥቶ በኽምጣንጛ ሲያስረዳ እኛ የሰጠነውን ሥዕል ይዞ ይሻገራል፤ ስሕተት ካለበትም ስሕተታችን አብሮ ይሻገራል።