የንጉሥ ግምጃና የሠራዊት መሐላ

በሀገራችን ለንጉሥ ታማኝ መሆን ምን ማለት እንደ ነበረ መመርመር የሚወድ ሰው፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ የሚያደርሰውን መንገድ ቢከተል ብዙ ነገር ያገኛል። መንገዱ ከ115 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ነገር ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሊያድኑ የተማማሉ ወጣቶችም፥ ከዙፋን ካወረዷቸውም መኰንኖች ብዙዎቹ፥ ትምህርታቸውን ያገኙት በዚሁ መንገድ ዳር በምትገኝ በአንዲት ከተማ፥ በሆለታ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ዘመናት መካከልም በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ክስ ተነሣባቸው፤ ይኸውም የሀገርን ገንዘብ ለራሳቸው አደረጉ የሚል ነው። የፊተኛው ክስ ከጠላት፥ የኋለኛው ከገዛ ወታደሮቻቸው አፍ የወጣ ነበረ።

ስለ ንጉሥና ስለ ገንዘብ መጻሕፍቶቻችን ዝም አላሉም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 17 የሚነግሠው ሰው ብርና ወርቅ ለራሱ እንዳያበዛ ያዛል፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ነገሥታት በሚናገርበት አንቀጽ ይህንኑ መሠረት ይከተላል። ሳሙኤል ነቢይም ሹመቱን በለቀቀ ጊዜ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ከማን በሬ፥ ከማን አህያ እንደ ወሰደ ይመሰክሩበት ዘንድ ጠይቋል። ትእዛዙ እንዲህ የታወቀ ሲሆን፥ የንጉሡ ጓዳና የሀገሩ ግምጃ ቤት የሚለዩበት በር ግን በሥራ ረገድ ብዙ ዘመን አልነበረም። ንጉሥ ያበላል፥ ያለብሳል፥ ይሾማል፥ ይሸልማል፤ ግብሩም ወደ እርሱ ይገባል፥ ደመወዙም ከእርሱ ይወጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ ዓለም ለመናገሻ ብለው ያስጀመሩት ቤተ መንግሥት፥ መናገሻነቱ ሲቀር የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ሕንፃው የንጉሡ የራሳቸው ገንዘብ ነበረን ወይስ የመንግሥት ብሎ የጠየቀ ሰው አልተሰማም። ጥያቄው ራሱ ገና አልተወለደም ነበርና።

የማይጨው ጦርነት በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከተሸነፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በዚያን ጊዜ የተመከረው ምክር መንግሥትን በምዕራቡ መንገድ ወደ ጎሬ ማዛወር ወይም ወደ ጄኔቭ ሄዶ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር መጮህ የሚል ነበር። ከመኳንንቱ የሚበዙት መሄዱን ደገፉ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ግን ንጉሥ ከሕዝቡ ተለይቶ አይሄድም፥ እዚሁ እየተዋጋ ይሙት ከሚሉት ወገን ነበሩ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ከተማይቱም ተዘረፈች፥ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት ገባባት። ኢጣልያኖች ወዲያው ንጉሣችሁ ወርቃችሁን ይዞ ጠፋ እያሉ ያስወሩ ጀመር። ይህን ቃል የመረጡበት ምክንያት ግልጥ ነው። ንጉሥህ ተሸነፈ ቢሉት ሐበሻ በመሸነፍ ታማኝነቱን አይተውም፤ ንጉሥህ ሰረቀህ ቢሉት ግን መሐላው ከሥሩ ይነቀላል ብለው አስበዋል።

የሆለታ ልጆች ለዚህ ወሬ የሰጡት መልስ በሥራ ነበር። የጦር ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. በስዊድናዊው መኰንን በቪኪንግ ታም መሪነት ስለ ሆነ፥ ተማሪዎቹ ጦርነት ሲመጣ ገና ትምህርታቸውን አልጨረሱም። ንጉሡ ከሄዱ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ወጥተው በነቀምት ከዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነና ከሌሎች የተማሩ ሰዎች ጋራ የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ፤ የንጉሠ ነገሥቱን እንደራሴ ልዑል ራስ እምሩንም መሪያቸው አደረጉ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ቦናያ ላይ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች በሌሊት አቃጠሉ። ማኅበሩ ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ጽፎ ነበር፤ በውስጡም ገበሬውን ማስጨነቅ፥ ምርኮኛን ማንገላታት፥ ወደ ውጭ አገር መሰደድም ተከልክሎ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን የመጨረሻውን ልብ ብለህ ተመልከት፤ ስደትን የከለከሉት ለተሰደደ ንጉሥ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ንጉሡን አልነቀፉም፤ ደንቡን ግን ለራሳቸው ከንጉሡ ሥራ ይልቅ አጠበቁት።

በአዲስ ዓለም ደግሞ የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስም አለ። እኚህ ሴት ንብረታቸውን ሸጠው ለዘማቹ መድኃኒትና ስንቅ አስገዝተዋል፤ ጠላትም ይዞ ወደ አዚናራ ደሴት አግዟቸው ነበር። ከዚያ ተመልሰው የአዲስ ዓለምን የጠላት ምሽግ ለማስመታት ከአርበኞች ጋራ ሠርተዋል። የንጉሡ ግምጃ ተዘረፈ ወይም ተሰረቀ በሚባልበት ሰዓት የመንግሥቱን ወጪ ከገዛ ሣጥናቸው ያወጡ እንዲህ ያሉ ሰዎች መኖራቸውን ታሪክ ጸሐፊዎች አያሌ ጊዜ በአጭሩ ብቻ ያልፉታል።

የተሰረቀው ወርቅ ግን የት ደረሰ? ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ተቀመጡ፤ ቤቱንም በኋላ ዘመን ለከተማው ሕዝብ ሰጥተውታል። በስደቱ ጊዜ ግን ኑሮአቸው እጅግ ጠብቦ የብር ዕቃቸው በለንደን በሐራጅ እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ከሚባለው ኩባንያ ጋራ የተከራከሩት ክርክር ነው። ኩባንያው ከኢትዮጵያ የፖስታ፥ የቴሌግራፍና የቴሌፎን መሥሪያ ቤት ጋራ በነበረው ውል ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይህን ገንዘብ በለንደን ፍርድ ቤት ጠየቁ። በ1930 ዓ.ም. መጨረሻ የመጀመሪያው ዳኛ ፈረደላቸው። ነገር ግን በኅዳር 1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዥ ነው ብሎ ስላወቀ፥ የይግባኙ ችሎት ገንዘቡን የመጠየቁ መብት ወደ ኢጣልያ ንጉሥ አልፏል አለ።

በፍርዱ ያዘንን ብንሆን እንኳ በውስጡ ያለውን ነገር ማየት ይገባናል። ዳኞቹ ገንዘቡ የኃይለ ሥላሴ የራሳቸው ነው ቢሉ ኖሮ፥ ወራሪው ንጉሥ ሊወርሰው ባልቻለም ነበር። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፥ መንግሥትን የያዘ ደግሞ ገንዘቡን ይይዛል ብለው ስለ ቈረጡ ነው ንጉሠ ነገሥቱ የተረቱት። ስለዚህ በንጉሥ ገንዘብና በሀገር ገንዘብ መካከል ያለው ድንበር በኢትዮጵያ ንጉሥ ስም በችሎት የተነገረው በባዕድ አገር፥ ያውም በተበደለው ላይ ነው።

በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ አምቦ ሀገረ ሕይወት ተብላ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች። ፍል ውኃዋና በጠርሙስ የሚታሸገው የማዕድን ውኃዋ ስሟን አስጠራው፤ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተባት። በዚሁ ዘመን ለአርበኛ፥ ለስደተኛ፥ ለወታደርና ለሹም የታማኝነት ዋጋ ሆኖ የሚሰጠው በብዛት መሬት ነበር። ጋሻ መሬት ማለት ወደ 40 ሄክታር ያህል ነው፤ በላዩ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የኖረ ጢሰኛ አለበት። ለአንዱ ታማኝ የተከፈለው ዋጋ ከሌላው ታማኝ ማሳ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ስለ ስዊስ ባንክ ወሬ ሳይሰማ የኖረው የጅባትና ሜጫ ገበሬ የመንግሥትን ገንዘብ ነገር የሚያውቀው በዚህ ነበር፤ ለባለ መሬቱ ከእህሉ ሲሶ ወይም እኩሌታ ሲሰፍር፥ በላዩም አሥራት ሲጨምር።

በጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን ቅዱስ፥ ክብራቸውን የማይደፈር፥ ሥልጣናቸውን የማይከሰስ አደረገ። ይኸው ሕግ የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምር ዋና ኦዲተር እንዲኖር ያዛል። ሁለቱን አንቀጾች አብሮ ያነበበ ሰው ኦዲተሩ የት ድረስ እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚቆም ይገባዋል። እኛ እንደምናስበው፥ የኋለኛውን መከራ ካመጡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሒሳብ በጊዜው በሰላም ያልተጠየቀ ንጉሥ፥ በመጨረሻ በጠመንጃ ይጠየቃል፤ ያን ጊዜም ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናውን የሚያሳይበት መዝገብ የለውም።

በሰኔ 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተውጣጡ ወታደሮች በአራተኛ ክፍለ ጦር ተሰብስበው ደርግን ባቋቋሙ ጊዜ፥ የመጀመሪያ ቃላቸው ለንጉሠ ነገሥቱና ለዘውዱ ታማኞች ነን የሚል ነበር። በሐምሌ ባወጡት መግለጫም ይህንኑ ደገሙት። መሐላውን በአንድ ቀን መስበር አልቻሉም፤ ብዙዎቹም የሆለታ ልጆች ናቸውና ለሠንደቅ ዓላማውና ለንጉሡ የማሉትን ያስታውሱታል። ስለዚህ አስቀድመው የንጉሡን ባለሟሎች አሰሩ። ቀጥለውም በነሐሴ የኢዮቤልዩን ቤተ መንግሥት የመንግሥት አደረጉ፤ የንጉሡ ናቸው የተባሉትን የአንበሳ አውቶቡስ ኩባንያንና የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ወረሱ። ከዚያም በውጭ ባንክ ተቀምጧል የሚባለውን ገንዘብ ይመልሱ የሚል ጥያቄ መጣ፤ ወሬውም ቍጥሩን በቢልዮን ይጠራው ጀመር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ ያነሣው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋራ እየተቀላቀለ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ጧት የፖሊስ ሻለቃ ደበላ ዲንሳ የመውረጃውን ዐዋጅ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት አነበቡ፤ እርሳቸውም በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ።

በቅኔ ቤት ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያልያዘ ተማሪ ቅኔውን ሰማሁ አይልም። የዚህም ክስ ሰሙ ገንዘብ ነበረ፤ ወርቁ ግን መሐላ መፍታት ነው። ወታደር የማለለትን ንጉሥ ደከመ፥ አረጀ፥ ምክር አልሰማም ብሎ ቢያወርደው ከዳተኛ ይባላል። ንጉሡ የተራበ ሕዝብ ገንዘብ የወሰደ ሌባ ከሆነ ግን መሐላውን ያፈረሰው ንጉሡ ነው፥ ወታደሩም ነጻ ወጣ ማለት ነው። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ሞክረው ያልሆነላቸው ይኸው ዘዴ በ1966 ዓ.ም. ሆነ። ያልሆነው ያን ጊዜ ከሳሹ ባዕድ ስለ ነበረ ነው፤ የሆነውም በወሎ የሞቱት ሰዎች በእውነት የሞቱ ስለ ሆኑ ነው። ስለ ባንኩ የተነገረው ባይረጋገጥም፥ ረኃቡ መደበቁን ማንም ሊክድ አልቻለም። ደርግም ከሥልጣን እስኪወርድ ድረስ ይህ ነው ከውጭ ያስመለስሁት የንጉሡ ወርቅ ብሎ ለሕዝብ አላሳየም።

በአምቦ ዙሪያ ያለው ገበሬ ነገሩን በሌላ ሚዛን መዘነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው የሚል ዐዋጅ ሲወጣ፥ ለጢሰኛው የንጉሡ ሒሳብ የተወራረደው ያን ቀን ነበር። በጊዜው ደስ ያለው ሰው ለንጉሡ ከዳተኛ ነበር ብሎ መፍረድ ይከብደናል፤ ታማኝነቱ ሲከፈለው አይቶ አያውቅምና። የካህናቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነበር። ዘወትር በቅዳሴ ይነሣ የነበረው የንጉሡ ስም ቀረ፤ የቤተ ክርስቲያንም መሬት በዚያው ዐዋጅ ሄደ።

ብዙ አልቆየም፥ ያው የገንዘብ ክስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። በ1963 ዓ.ም. በመንበሩ የተቀመጡት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ። ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት ሾሙ ከሚለው ጋራ የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ ያለ አግባብ አዋሉ የሚልም ተጨመረባቸው። እዚህም ሰሙና ወርቁ አንድ ዓይነት ነበር፤ ምእመናን ለአባታቸው ያላቸው ታማኝነት የሚቈረጠው አባትየው ገንዘብ ወዳድ ሲባል ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ሞቱ፥ በሕመም ነው ተባለ፤ ፓትርያርኩ በነሐሴ 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የሁለቱም ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ከተቀበረበት ወጣ። የፓትርያርኩ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ግን ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስኪቀበር ብዙ ዓመት ቆየ፥ የመንግሥት ሥርዓተ ቀብርም አልተደረገለትም። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና የደርግን ባለ ሥልጣኖች ጥፋተኛ ያላቸው ስለ ፈሰሰው ደም ነው። የገንዘቡ ክስ በ1928ም በ1967ም በ1968ም ዓ.ም. በዐዋጅና በወሬ ተነገረ እንጂ፥ ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፥ ምስክር ተቈጥሮ፥ በኢትዮጵያ ችሎት አልተሰማም።